ሆስፒታሉ ሳይሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይመጣል። «መንግሥት ሆስፒታሎችንም ሊሸጥ ነው» ይላል ወሬው። በድሬ ዳዋ ከከዚራ ቡና ቤቶች እስከ መጋላ የበርጫ ቤቶች ድረስ ይዞራል። ደጋፊው «አሉባልታ ነው» ይላል፤ ተቃዋሚው «ቆይታችሁ ታዩታላችሁ» ይላል። ምርጫው ያልፋል፤ ሆስፒታሉም ሳይሸጥ በቦታው ይገኛል። ያስተባበለው ያሸነፈ ይመስለዋል፣ የሰጋውም ያፍራል፤ ክርክሩም እስከሚቀጥለው ምርጫ ይተኛል።

ታሪክ አስተማሪ እንደመሆኔ ይህን ክርክር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአትኩሮት ስከታተለው ቆይቻለሁ። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተ ጥያቄ ይዘው ነው የሚሟገቱት። የሕዝብ ሆስፒታል እንደ ፋብሪካ በጨረታ አይሸጥም፤ ገዢም የለውም። የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ የሚሸጠውም ቀስ በቀስ ነው። ይህን ለመረዳት የንግድ ውል፣ ሕክምናና የሕዝብ ድምፅ በታሪክ እንዴት እንደተገናኙ ማየት ይጠቅማል። ለዚህ ደግሞ ከድሬ ዳዋ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በውል የተወለደች ከተማ

ጎንደር በቤተ መንግሥት፣ አክሱም በጽላት፣ ሐረር በግንብና በመስጊድ ይታወቃሉ። ድሬ ዳዋ ግን የንግድ ውል ልጅ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ሊያመራ ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሐረርን ተራራ መውጣት እጅግ ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ቆላውን ይዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። በዚያም «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ በቀለች፤ እኛ ዛሬ ድሬ ዳዋ እንላታለን።

ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ ሐዲዱም ለዓመታት ከዚህ ሳያልፍ ቀረ። ከዚያም በጥር 1900 ዓ.ም. በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰነዶች ተፈረሙ። የመጀመሪያው በፈረንሳዩ መልእክተኛ በአንቶኒ ክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። ይህ ውል በፈረንሳይ ሸቀጦች ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ አሰረ፤ የፈረንሳይ ዜጎችም በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ ልዩ መብት ሰጠ። ሁለተኛው ሐዲዱን ወደ አዲስ አበባ የሚያስቀጥለው አዲሱ የባቡር ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የተሰጠው ለአንድ ሐኪም ነበር፤ የጓድሎፕ ተወላጅ ለሆነው ለዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን። ቪታልየን አስቀድሞ በልዑል ራስ መኰንን ዘመን በሐረር ሕክምና የሰጠ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ የግል ሐኪም የነበረ ሰው ነው።

አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ይህን ነው። ንጉሡ በሕመም በተዳከሙበት ወቅት የተፈረመ ውል ከእርሳቸው በኋላ የመጡትንም ገዥዎች አሰረ። የሌሎች አገሮች ዜጎችም በዚያው በር ገብተው ተመሳሳይ መብት ጠየቁ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ዋነኛ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ጉምሩክ ነበር። ጉምሩኩን ከ10 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ያሰረ ውል፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሊሠራበት የሚችለውን ገንዘብም አብሮ አስሯል። ውሉ ስለ ሕክምና አንድ ቃል አልተናገረም። ለዚህ ነው «በንግድ ስምምነቱ ውስጥ ሆስፒታል የሚል ቃል የለም» የሚለው ማስተባበያ የማያሳርፈኝ።

የሕክምናውን ዋጋ ማን ይከፍል ነበር?

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በስጦታ መልክ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን በነጻ አከመ። በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ ቤተ ሳይዳም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በጎ አድራጎት ተመሠረተ። ሚሲዮኑም፣ መኳንንቱም፣ ኩባንያውም በየፊናቸው ያክሙ ነበር። ሕክምና ምሕረት እንጂ መብት አልነበረም፤ ያገኘ ያመሰግናል፣ ያጣ ደግሞ ወደ ጠበሉና ወደ ባህል ሐኪሙ ይሄዳል።

ይህ አሠራር ደካማነቱ የታየው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ባልነውና ዓለምን ባዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች የነበሯት አገር ሕዝቧን ቀብራ መጨረስ አቃታት። እስከ ዛሬ በኅዳር ወር ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው የዚያን ጊዜ መታሰቢያ ነው። ስጦታ አንድን በሽተኛ ያድናል፤ ወረርሽኝን ግን የሚያቆመው በጀትና ሠራተኛ ያለው ድርጅት ብቻ ነው።

ያ ድርጅት የተፈጠረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940ዎቹ መባቻ ራሱን ችሎ ቆመ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ሲወርስ የግሉን ሕክምና ጠርዝ አስያዘው። በመስከረም 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ የተነገረውን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ መርሕም ተቀበለ። መርሑ መልካም ነበር፤ ገንዘቡ ግን ለጦርነቱ ሄደ። ጤና ጣቢያው ተሠርቶ መድኃኒት የጠፋበትን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። «መንግሥት ከያዘው ሁሉ ደኅና ነው» ለሚሉን ወገኖች መልሱ ያ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሽግግር መንግሥቱ የጤና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሩን ከፈተ፤ ሕክምናም እንደ አቅም እንዲከፈልበት፣ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ደነገገ። ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ሰነድ ታዳጊ አገሮች ተጠቃሚውን እንዲያስከፍሉ መክሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት የባማኮ ኢኒሼቲቭም ኅብረተሰቡ የመድኃኒት ወጪን እንዲጋራ አደረገ። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ደግሞ ዝርዝሩን አስቀመጠ። ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲያስቀሩ፣ ከሕክምና ውጪ ያሉ ሥራዎችን ለሌላ አካል በውል እንዲሰጡ፣ በግቢያቸውም «ፕራይቬት ዊንግ» የሚባለውን የተሻለ ዋጋ የሚከፈልበት ክፍል እንዲከፍቱ መንገዱ ተጠረገ። ለድሃው የነጻ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌው ይሰጠዋል ተባለ።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ገጽታ ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በመንግሥት ደመወዝ የተቀጠሩት ከ30 ሺሕ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባትንና የእናቶች ክብካቤን እስከ ገጠሩ ደጃፍ አድርሰዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ አብዛኛው አገር ተስፋፍቷል። በአንጻሩ ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ በኋላ ዓመታት ሲራዘም ኖሯል። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ ሦስት እንዲቆረጥ ሲጠየቅ፣ «ከፍዬ ስሄድ መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ አገኘዋለሁን ወይስ ከውጭ ግዛ እባላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ ሲያነሱ ሰምቻለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

የብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከታማሚው ኪስ ይወጣል፤ ሌላው ሲሶ ያህል ለረጅም ጊዜ የመጣው ከለጋሾች ነው። ማንም ሆስፒታል ሳይሸጥ ሲሶው በኪስ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

የእንግሊዞቹ ክርክር

በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ የተከራከረ መራጭ ቢኖር የብሪታንያ ሕዝብ ነው። ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1948 ሲጀመር ሕክምና በሚሰጥበት ሰዓት ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥት ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ዋጋ ሊያስከፍል ወሰነ፤ የአገልግሎቱ መሥራች አንዩሪን ቤቫንም በዚሁ ምክንያት ከሚኒስትርነቱ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ብዙዎች ለጥርስ ተብሎ ሥልጣን ይለቀቃልን ብለው ተገርመዋል። ሰውየው ግን ያየው ጥርሱን ሳይሆን የተከፈተውን በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ምርጫ ክርክሩ በንግድ ስምምነት መልክ ተመለሰ። የሌበር ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢን በኖቬምበር ወር 451 ገጽ የመንግሥት ሰነድ አደባባይ ይዞ ወጥቶ፣ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ድርድር የጤና አገልግሎቱ ለድርድር ቀርቧል አለ። ኮንሰርቫቲቮቹ አስተባበሉ፤ በዲሴምበርም በ80 መቀመጫ ብልጫ አሸነፉ። ሆስፒታሎቹም አልተሸጡም። ወሬው ሐሰት ነበር እንበልን? ሰነዱ በእርግጥ ብዙ ያወራው ስለ ሆስፒታል ሽያጭ አልነበረም፤ ስለ መድኃኒት ገበያና ስለ ፈጠራ መብት ነበር። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት፣ ያውም የሌበር መንግሥት፣ መድኃኒቶቹ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ሲል የጤና አገልግሎቱ ለአዳዲስ መድኃኒቶች የሚከፍለውን ዋጋ በ25 በመቶ ከፍ ለማድረግ ተስማማ። እንግዲህ ሆስፒታሉ አልተሸጠም፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ተደራድሮበታል። ለምርጫ የቀረበው ጥያቄና በመጨረሻ የተወሰነው ጉዳይ የተለያዩ ነበሩ።

የስሎቫኪያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አገሪቱ የጤና መድን ገበያዋን ለግል ኩባንያዎች ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው አዲሱ መንግሥት አሠራሩን በመቀልበስ መድን ሰጪዎች ትርፍ እንዳይከፋፈሉ ከለከለ። ገበያው ውስጥ የገባ አንድ የኔዘርላንድስ መድን ድርጅት በቀድሞው የኢንቨስትመንት ጥበቃ ውል መሠረት መንግሥትን ከሰሰ፤ የግልግል ዳኞቹም በ2012 ስሎቫኪያ 22 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንድትከፍል ፈረዱ። ፍርዱ በኋላ የተሻረው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የውሉ አንቀጽ ከኅብረቱ ሕግ ጋር አይሄድም በማለቱ ነው። ኢትዮጵያም ከኔዘርላንድስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈረመውን ጨምሮ እንዲህ ዓይነት ብዙ ውሎች አሏት፤ የሚያድናት የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን የላትም።

የእኛ ድርድር

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። ድርድሩ ለረጅም ጊዜ ከተኛ በኋላ አራተኛው የሥራ ቡድን ስብሰባ በጥር 2012፣ አምስተኛው በመጋቢት 2017 ተካሄደ። በመካከሉ በግንቦት 2010 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ትልልቆቹን የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ወደ ግል ለማዞር ወሰነ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የምንዛሪው ለውጥ ወደ ፋርማሲው መደርደሪያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

የአባልነት ድርድሩ ለሕክምና የሚኖረውን ትርጉም በሁለት ነጥብ ላስረዳ። አንደኛው መድኃኒት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የፈጠራ መብት ጥበቃ 15 ዓመት ሆኖ በ5 ዓመት ይራዘማል፤ የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ግን 20 ዓመት ይጠይቃል። እጅግ ኋላ ቀር የሚባሉ አባል አገሮች ለመድኃኒት የፈጠራ መብት እንዳይሰጡ እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2033 ተፈቅዶላቸዋል። ተደራዳሪዎቻችን ይህን ዕድል ሳያስነኩ ከያዙት ርካሽ መድኃኒት የመሥራትና የማስገባት መብታችን ይቆያል፤ ለሌላ ጥቅም ከለወጡት ግን ማንም ሆስፒታል ሳይነካ መድኃኒቱ ይወደዳል።

ሁለተኛው የአገልግሎት ንግድ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በመንግሥት ሥልጣን የሚሰጡ አገልግሎቶችን አይመለከትም። ነገር ግን ይህ ነጻነት የሚጸናው አገልግሎቱ ንግድ ካልሆነና ከሌላ አቅራቢ ጋር ካልተወዳደረ ብቻ ነው። አሁን ወደ ፕራይቬት ዊንጉ እንመለስ። ከሰዓት በኋላ በገበያ ዋጋ የሚያክም፣ ከጎረቤቱ የግል ሆስፒታል ጋር ለአንድ ታማሚ የሚሻማ የመንግሥት ሆስፒታል «እኔ ነጋዴ አይደለሁም» ብሎ መከራከር ይችላልን? የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። በእርግጥ ግዴታ የሚመጣው አገሪቱ ጤናን በዝርዝሯ ውስጥ አስገብታ ቃል ከገባች ብቻ ነው። ቃል ከገባች በኋላ ግን መመለስ የሚቻለው ለተጎዳው አገር ካሳ ሰጥቶ ነው። አዲስ የተመረጠ ምክር ቤት የቀድሞውን ፖሊሲ በአዋጅ መሻር ይችላል፤ በውል የታሰረውን ግን በአዋጅ ብቻ ሊፈታው አይችልም። የ1900ው ውል የተረፈው ምኒልክ ሲያልፉም አይደል?

ይህን ስል ድርድሩ ይቅር ማለቴ አይደለም። ድሬ ዳዋ ላይ ቁጭ ብሎ ንግድን መርገም የእናትን ጡት መንከስ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና የተከፈተው እዚሁ ከተማችን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቻችን ሥራ የሚጠብቁትም ከእርሱና ከባቡሩ ነው። የመድኃኒት እጥረቱና የሐኪሙ ደመወዝ ማነስም ጄኔቫ ላይ የተፈጠሩ ችግሮች አይደሉም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙና አንዳንዶቹም ሲታሰሩ ያየነው የራሳችንን በጀትና የራሳችንን አስተዳደር ነው።

ትንኟ ያስተማረችን

በንግድ መስመር ላይ ያለ ከተማ ሸቀጥ ብቻ አይገባበትም። በ2006 ዓ.ም. መባቻ የደንጊ ትኩሳት በድሬ ዳዋ ተነስቶ ከ11 ሺሕ በላይ ሰው አመመ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩትን ከሥራና ከእግራቸው ጣላቸው። በ2014 ደግሞ በዝናብ ወቅት ሳይሆን በደረቁ ወራት ወባ ተነሳ፤ ከታመሙት መካከል በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ያሉ ተማሪዎች ይገኙበታል። አጥኚዎች መንስኤዋን አገኟት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ ናት፤ በረግረግ ፈንታ በከተማ የውኃ በርሜልና ሮቶ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ታይታለች። በመርከብና በጭነት መኪና ሳትመጣ እንዳልቀረች ይገመታል፤ እንደ ከተማችን ሁሉ እርሷም የንግድ መንገድ ልጅ ናት።

ለዚህች ትንኝ የሚሆን የግል ሆስፒታል የለም። የታመመውን በዋጋ የሚያክም ክሊኒክ ይኖራል፤ በየቤቱ ዞሮ በርሜል የሚከድንና ናሙና የሚወስድ ግን ከሕዝብ በጀት የሚከፈለው ሠራተኛ ብቻ ነው። ከዚህ ሥራ ትርፍ አይገኝም፤ ሥራው ሲቀር ግን ከድሃው ጋር ሀብታሙም ይታመማል። ድል ጮራ ሆስፒታል ከከተማው አልፎ ከሶማሌና ከኦሮሚያ ክልል አጎራባች ወረዳዎች የሚመጣውን ታማሚ የሚቀበል መሆኑም ከዚህ ጋር ሊታይ ይገባል። ትንኟ የአስተዳደር ወሰን አታውቅም፤ የከተማችን የምርጫ ክርክር ግን ዘወትር በ40-40-20ው የሥልጣን ክፍፍል ዙሪያ ይሽከረከራል። ማን ይሹም እንጂ ምን ይሠራ ሲባል እምብዛም አይሰማም።

ስንመረጥ ምን እንጠይቃለን ለሚሉ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። በአንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን እንዲያጸድቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ ውል የሚጸድቀው እኛ በመረጥነው ሰው እጅ ነው። ለዚያ ሰው «ሆስፒታል ትሸጣለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ነው፤ «በፍጹም» ብሎ ያልፈዋል። በምትኩ አራት ጥያቄዎችን ይመልስልን።

አንደኛ፣ ጤና በአገልግሎት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባልን? ከገባስ የመንግሥት ሆስፒታሎች በግልጽ ቃል ተለይተው ይቀራሉን? ሁለተኛ፣ እስከ 2033 የተሰጠን የመድኃኒት ፈቃድ ሳይሸረፍ ይጠበቃልን? ሦስተኛ፣ ፕራይቬት ዊንጉ የሚያስገባው ገንዘብ ለማን እንደሚውልና ጠዋት በተራ የሚጠብቀውን ታማሚ ምን ያህል እንደጠቀመ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገራልን? አራተኛ፣ የለጋሾች ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እንደታየው በአንድ ደብዳቤ ሲቋረጥ ጉድለቱን የሚሸፍነው ማን ነው? የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ተወዳዳሪው ይህን ቁጥር ያውቀዋልን?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ዕጩ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ሊደመጥ ይገባዋል። የማይመልሰውን ደግሞ «ሆስፒታሉ አይሸጥም» በሚለው ቃሉ ብቻ ልናሰናብተው አይገባም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር፤ ውል ደግሞ ከተፈረመ በኋላ ለማጥፋት ቅጠል አይበቃውም።

ቸር ያሰንብተን።